ባሕርም ጎዳንቱ አለው

የሪራ ልጅ ጎዳንቱን ያውቃል፤ ከብት ወቅቱን ተከትሎ ሣር ፍለጋ ሽቅብ ቁልቁል ይነዳል። ውድ አንባቢያን፣ ባሕርም የራሱ ጎዳንቱ አለው።

የሐረና ውሃ በወልመልና በገናሌ አድርጎ፣ በጁባ ወንዝ በኩል ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። እዚያ በእኛ ክረምት ብርቱ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይነፍሳል። «ሞንሱን» የተባለው «መውሲም» ከሚለው ዐረብኛ ነው፤ ወቅት ማለት ነው። ነፋሱ የላዩን ውሃ ከሶማሊያ ዳርቻ ሲገፋው፣ ቀዝቃዛና ማዕድን ያዘለ ውሃ ከታች ይወጣል። በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፅዋትም ይበቅሉበታል። የባሕሩ ሣር እነርሱ ናቸው።

«ታላቁ አዙሪት» የሚባለው፣ ስፋቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር የውሃ ሽክርክሪት፣ ይህን ለም ውሃ በጠርዙ ጠልፎ ወደ መሐል ባሕር ይወስደዋል። የራሱ እምብርት ግን ሞቃትና ድሃ ነው።

ካላኖይደስ የተባለች፣ የሩዝ ፍሬ የማታክል እንስሳ በዚህ ወቅት ከጥልቁ ወጥታ ትግጣለች፤ ወቅቱ ሲያልፍ ተመልሳ ትወርዳለች። ግጦሹ ሲበረታ ሣሩ ይሳሳል፤ እርሷንም ዓሣ ይበላታል። የዓሣ አጥማጁ እንጀራ በዚህ ሚዛን ላይ ነው።

ተማሪዎቼ «ባሕር ለሌለን ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ይሉኛል። ያለ ልክ የተጋጠ መስክ ምን እንደሚሆን ከሪራ ልጅ በላይ ማን ያውቃል?