ተማሪ ቤት ሳይከፈት ከልጆች ጋር ስለሚታዩ የሲኒማ ሥዕሎች

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው በየቤቱ የሚሰማው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ደብተር ይገዛል፤ አምና የተሰፋው ልብስ አጥሮ ይገኝና ለታናሹ ይተላለፋል፤ ጫማ ይለካል፤ የተማሪ ቤቱም ክፍያ ይታሰባል። እናትና አባት ይህን ሁሉ አሰናድተው ሲጨርሱ የሚገባቸውን ያደረጉ ይመስላቸዋል፤ በእውነትም ብዙ አድርገዋል። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ልጁ ምግቡን ሲቀንስ፥ ሌሊት ሲገላበጥ፥ ወይም ያለ ምክንያት ከታናሹ ጋር ሲጣላ እናያለን። ምን ሆንህ ብንለው ምንም አልሆንሁም ይላል። እኛም ስንፍና ነው ብለን እንፈርድበታለን።

ልጅ ፊት ለፊት ሲጠይቁት የሚሰውረውን ነገር የሌላውን ልጅ ታሪክ ሲያይ ሳያስበው ያወጣዋል። ስለዚህ በቀሩት ምሽቶች ቤተ ሰቡ አንድ ላይ ተቀምጦ ስለ ተማሪ ቤት ከተሠሩት ፊልሞች ጥቂቱን ቢመለከት መልካም ነው ብለን አሰብን። ዛሬ ለዚህ ጉዳይ ወደ ሲኒማ ቤት መሄድ ግድ አይደለም፤ በእልፍኝ ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ይበቃል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ተማሪ ቤት የተሠራ ፊልም እጅግ ብዙ ነው። የሚበዛውም አንድ ብልህ አስተማሪ መጥቶ የሻከረውን የተማሪዎች ልብ ሲያለሰልስ የሚያሳይ ነው። ይህን ዓይነቱን አንንቅም። በ1939 የወጣው የእንግሊዞች ፊልም «ጉድባይ ሚስተር ቺፕስ» የአስተማሪውን ሥራ ለሠራው ለሮበርት ዶናት የኦስካር ሽልማት አስገኝቶለታል፤ በ1967 ሲድኒ ፖይትዬ የሠራበትም «ቱ ሰር ዊዝ ላቭ» እስከ ዛሬ ሲታይ ያስደስታል። ለዚህ ሳምንት የመረጥናቸው ግን ነገሩን ከልጁ ቁመት ሆነው የሚያዩትን ነው። እነዚህ ለልጅ የሚያስደስቱትን ያህል ለአባትና ለእናት የሚከብዱ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመን የምናመለክተው ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ በ1987 ያዘጋጀውን «የወዳጅ ቤት ወዴት ነው» የተባለውን ነው። ነገሩ ሲነገር እጅግ ትንሽ ይመስላል። በኮከር መንደር ባለው ተማሪ ቤት አስተማሪው የቤት ሥራ ሲመረምር፥ መሐመድ ሬዛ የተባለው ልጅ ሥራውን በደብተሩ ላይ ሳይሆን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይገኛል። አስተማሪውም ወረቀቱን ቀደደና ይህን ሁለተኛ ብታደርግ ከተማሪ ቤት ትወጣለህ ብሎ አስጠነቀቀው፤ ልጁም አለቀሰ። አጠገቡ የተቀመጠው አሕመድ ቤቱ ደርሶ ቦርሳውን ሲከፍት፥ ሁለቱ ደብተሮች ስለሚመሳሰሉ የጓደኛውን ደብተር ተሳስቶ ይዞ መምጣቱን አየ። ጓደኛው የሚኖረው ጶሽቴ በሚባል በሌላ መንደር ነው፤ ቤቱንም አሕመድ አያውቀውም። ታሪኩ ይኸው ነው።

አሕመድ ለእናቱ ይነግራታል። እናቲቱ ልብስ ታጥባለች፤ ሕፃኑም ያለቅሳል። የቤት ሥራህን ሥራ ትለዋለች። እንደ ገና ይነግራታል፤ የሕፃኑን አልጋ ወዝውዝ ትለዋለች። ደብተሩን አውጥቶ ያሳያታል፤ ለጨዋታ ለመውጣት ምክንያት የፈጠረ ይመስላታል። ይህቺ ሴት ክፉ አይደለችም፤ ልጇንም የምትጠላ አይደለችም። ሥራ በዝቶባት ከልጇ ቃል ውስጥ አንዱንም አልሰማችም። እኛ ይህን ክፍል ስንመለከት፥ ከቢሮ ገብተን ወረቀት በእጃችን እንደ ያዝን «እሺ፥ በኋላ» ያልነው ስንት ጊዜ እንደ ሆነ መቍጠር ጀምረን ወዲያው ተውነው።

ልጁ ሾልኮ ይወጣል፤ በኮረብታው ላይ የተጠማዘዘውን መንገድ ሽቅብ ይሮጣል። ጶሽቴ ደርሶ ቢጠይቅ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይሰደዋል። በመካከሉ አያቱ ሲጋራ እንዲያመጣ ያዝዙታል። ሽማግሌው ሲጋራ አላቸው፤ ያዘዙት ልጁ መታዘዝን እንዲለምድ ብቻ ነው። አጠገባቸው ለተቀመጠውም ሰው፥ እሳቸው ልጅ ሳሉ አባታቸው በየሳምንቱ ገንዘብ ይሰጧቸው፥ በየሁለት ሳምንቱም ይገርፏቸው እንደ ነበር፤ ገንዘቡን አንዳንድ ጊዜ ቢረሱም ግርፋቱን ግን ከቶ ረስተው እንደማያውቁ ያጫውቱታል። በእኛም አገር በዚህ ዓይነት ያደገ ሰው ስለማይጠፋ፥ በዚህ ቦታ አንዳንድ አባት ከት ብሎ ይሥቅ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የልጆቹን ፊት ይመልከት፤ እነሱ አይሥቁም።

የደብተሩን መጨረሻ አንናገርም። ነገር ግን ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። ሁለቱን ጓደኛሞች ሆነው የሠሩት ልጆች በእውነት ወንድማማቾች፥ የዚያው አካባቢ ተወላጆች ነበሩ። በ1990 በዚያ አገር ታላቅ የምድር መናወጥ ሆኖ ብዙ ሺህ ሰው ስለ ጠፋ፥ ኪያሮስታሚ ልጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ለማወቅ ወደ ስፍራው ተጓዘ። ልጆቹም ድነው ነበር። ከዚያ ጕዞ በ1992 ሌላ ፊልም አውጥቷል።

ሁለተኛው ደግሞ የዚያው አገር ሰው ማጂድ ማጂዲ በ1997 ያዘጋጀው «የሰማይ ልጆች» ነው። በዓለም ዙሪያ የታወቀና ለኦስካር ሽልማት ከታጩት ፊልሞች አንዱ ነው። አሊ የሚባል ልጅ የእኅቱን የዘሕራን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ በአትክልት ሻጩ ደጅ ይጠፋበታል። አባታቸው ድኻ ስለ ሆነ ልጆቹ ነገሩን ደብቀው በአንድ ጫማ ሊማሩ ይስማማሉ። እሷ ጧት ትማራለች፤ እሱ ከቀትር በኋላ። ስለዚህ ዘሕራ ከተማሪ ቤት እንደ ወጣች በጠባቡ መንገድ እየሮጠች መጥታ ጫማውን ታወልቅለታለች፤ እሱም አጥልቆ ይሮጣል፤ ሁልጊዜም ዘግይቶ ይደርሳል። የተማሪ ቤቱ ሹም የሚያየው መዘግየቱን ነው እንጂ ጫማውን አይደለም።

በዚህ ፊልም ውስጥ ልባችንን ከያዙት ነገሮች ሁለቱን እንጥቀስ። አባታቸው የመስጊዱን ስኳር እቤት አምጥቶ ሲከሰክስ፥ ለራሱ ሻይ የሚሆን አንዲት እንክብል እንኳ ከዚያ አይወስድም። ሁለተኛውም፥ ዘሕራ የጠፋውን ጫማዋን በሌላ ተማሪ እግር ላይ ታየዋለች፤ ከአሊም ጋር ልጅቱን እስከ ቤቷ ትከተላታለች፤ የልጅቱ አባት ዕውር መሆኑን ባዩ ጊዜ ሁለቱም አንድ ቃል ሳይናገሩ ይመለሳሉ። አሊ ሦስተኛ ለወጣው ጫማ ስለሚሸለምበት ስለ እሽቅድምድሙ ምንም አንልም፤ ልጆቻችሁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሲጮኹ ታያላችሁ።

ተማሪ ቤት ሩቅ ነው እያለ የሚያጕረመርም ልጅ ላለበት ቤት ፈረንሳዊው ፓስካል ፕሊሶን በ2013 ያወጣው «ወደ ተማሪ ቤት በሚወስደው መንገድ» ይስማማል። ይህኛው ልብ ወለድ አይደለም። በኬንያ ጃክሰን የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ታናሽ እኅቱን አስከትሎ ዝሆን በሚውልበት ሜዳ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በሞሮኮ ተራራ ላይ ዛሂራ ከጓደኞቿ ጋር 22 ኪሎ ሜትር በእግሯ ትጓዛለች፤ በአርጀንቲና ካርሊቶ እኅቱን አፈናጥጦ በፈረስ ይሄዳል፤ በሕንድ አገር መራመድ የማይችለውን ሳሙኤልን ሁለት ታናናሽ ወንድሞቹ በተሰባበረ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ያደርሱታል። በ2014 በፈረንሳይ የሴዛር ሽልማት አግኝቷል። በእኛ አገር ገጠር በዚሁ ልክ የሚሄዱ ልጆች ስላሉ ነገሩ ለከተማ ልጅ ብቻ እንግዳ ይሆናል። አንድ ነገር ግን እንለምናለን፤ «አየህ፥ አንተ በመኪና እየሄድህ» የሚለውን ተግሣጽ አባቶች ለዚያች ምሽት ይተዉት።

በ1999 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ያገኘው የቻይናው የጃንግ ይሙ ፊልም «አንድም እንዳይጐድል» አሥር ዓመት ላለፋቸው ልጆች ይሻላል። የመንደሩ አስተማሪ እናቱ ታመውበት ለአንድ ወር ሲሄድ፥ ዌይ ሚንጂ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ በእሱ ቦታ ትቀመጣለች። ጠመኔ የሚሰጣት ለቀን አንድ ብቻ ነው። ከተማሪዎቹ አንድም ሳይጐድል ከቈያት ከደመወዟ በላይ ጭማሪ እንደምታገኝ ተነግሯታል። ልጅቱ ማስተማር አታውቅም፤ በጥቍር ሰሌዳው ላይ ጽፋ እንዳያመልጡ በሩ ላይ ትቀመጣለች። አንዱ ተማሪ ግን የእናቱን ዕዳ ለመክፈል ወደ ከተማ ሄደ። እሱን ለመፈለግ የአውቶቡስ ዋጋ ያስፈልጋት ነበርና፥ ስንት ጡብ ቢሸከሙ ስንት ገንዘብ እንደሚያገኙ ተማሪዎቹ ሁሉ በሰሌዳው ላይ ያሰሉ ጀመር። በዚያ ክፍል እውነተኛ ትምህርት የተጀመረው በዚህች ሰዓት ነው። መጨረሻው ላይ ከከተማ በመጣ ስጦታ ነገሩ ሁሉ ቶሎ መስተካከሉ ደስ አላሰኘንም፤ ይህ ግን ፊልሙን አያስንቀውም።

የፈረንሳዩን የኒኮላ ፊሊቤርን «ኤትር ኤ አቯር» በአጭሩ እንጠቅሳለን። በ2002 የወጣ ሲሆን፥ በኦቬርኝ ገጠር ሕፃናትና ታላላቆች በአንድ ክፍል ስለሚማሩበት ተማሪ ቤት ነው። በአንድ የማባዛት ሒሳብ ምክንያት መላው ቤተ ሰብ በማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስቦ ሲጨነቅ የሚታይበት ክፍል ብቻ ዋጋውን ያወጣል። የቤት ሥራ ማገዝ ቀላል የሚመስለው አባት ይመልከተው።

ለሕፃናት የማይሆኑም አሉ። በ2010 የወጣው «ዘ ፈርስት ግሬደር» በ84 ዓመታቸው ፊደል ሊማሩ አንደኛ ክፍል ስለ ገቡት ኬንያዊ ሽማግሌ ስለ ኪማኒ ማሩጌ የተሠራ ነው፤ ታሪካቸው ድንቅ ቢሆንም በቅኝ ግዛት ዘመን የደረሰባቸውን ሥቃይ ስለሚያሳይ ለትንንሾች አይገባም። የፍራንሷ ትሩፎ የ1959 ፊልም «ሌ ካትር ሳን ኩ»ም ወላጆች ልጆቹን አስተኝተው ቢያዩት ይሻላል። በዚያ ውስጥ ከተማሪ ቤት የቀረ ልጅ ምክንያት ቢጠየቅ እናቴ ሞታለች ብሎ ይዋሻል። እናቲቱ ግን በሕይወት አለች፤ ወዲያውም ተማሪ ቤቱ በር ላይ ትደርሳለች።

ስለ አያያዙ ጥቂት እንጨምር። ሦስት ምሽት ብቻ ያለው ቤት በመጀመሪያው «የሰማይ ልጆች»ን፥ በሁለተኛው የመንገዱን፥ በሦስተኛው የኪያሮስታሚን ይይ። የኪያሮስታሚው ረጋ ያለ ስለ ሆነ ፈጣን ሥዕል የለመደ ልጅ መጀመሪያ ይሰለቸዋል፤ አሕመድ ቦርሳውን እስኪከፍት ድረስ ብቻ ይታገሡት። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ምን ተማርህ ብሎ እንደ ፈተና መጠየቅ አያስፈልግም፤ መብራቱን ሳይቸኵሉ ማብራትና ዝም ብሎ ጥቂት መቈየት ይበቃል። ልጁ የሚናገረው ካለው፥ ወይ ያን ጊዜ ወይ በማግሥቱ ቍርስ ሲቀርብ ይናገራል።

ቋንቋውም ፋርስኛ ወይም ቻይንኛ ስለ ሆነ ከሥዕሉ በታች የሚጻፈው ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ነው። ይህም ችግር ሊሆን አይገባም። በቤቱ ካሉት ልጆች የሚያነበው ታላቁ ለታናናሾቹ በአማርኛ እየተረጐመ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያሰማቸው። አንዳንድ ቃል ያልፈዋል፤ አንዳንዱን ከራሱ ይጨምርበታል። አባቱ ስሕተቱን ቢያውቅም አያርመው።