ፎርት ሌቨንዎርዝ፦ የሻለቃዎች ትምህርት በክፍልና በርቀት

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሚዙሪ ወንዝ አጠገብ ፎርት ሌቨንዎርዝ የሚባል የቆየ የጦር ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1881 ጄኔራል ዊልያም ሸርማን ለእግረኛና ለፈረሰኛ መኮንኖች ማሠልጠኛ እንዲቋቋምበት አደረገ። ያ ማሠልጠኛ አድጎ ዛሬ የአሜሪካ ምድር ጦር የዕዝና ጠቅላይ ስታፍ ኮሌጅ ሆኗል። የሚማሩበት በዋናነት ሻለቃዎች ናቸው። ሻለቃው እስከዚህ ድረስ ወታደሮቹን በስም እያወቀ ሻምበል መርቷል፤ ከዚህ በኋላ የሚጠበቅበት ግን ብርጌድና ክፍለ ጦር ለሚያዝ አዛዥ ዕቅድ ማውጣት ነው። ወደዚህ ትምህርት የሚያስገቡት በሮች በጥቅሉ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቤተሰብን ይዞ ካንሳስ መግባት፣ ሌላው ሥራን ሳይለቁ በርቀት መማር።

በአካል የሚሰጠው ትምህርት አሥር ወር ያህል ይፈጃል። ተማሪዎቹ አሥራ ስድስት ያህል እየሆኑ በስታፍ ቡድን ይደለደላሉ። አብዛኞቹ ከምድር ጦር ቢሆኑም ከአየር ኃይል፣ ከባሕር ኃይልና ከውጭ አገር ጦሮች የመጡም ይቀላቀሏቸዋል። የመጀመሪያው የውጭ አገር ተማሪ በ1894 የገባ የስዊዘርላንድ መኮንን ነበር።

አንድ ክፍለ ጦር ወንዝ የሚሻገርበት ዕቅድ በሚወጣበት ቀን ክፍሉ ምን እንደሚመስል እንመልከት። አንዱ ሻለቃ ዘመቻውን፣ ሌላው መረጃውን፣ ሦስተኛው ሎጂስቲክሱን ይይዛል። የዘመቻው ሰው ታንኮቹ በሌሊት ተሻግረው ማለዳ ላይ ከፍተኛውን ቦታ እንዲይዙ ያቅዳል። የሎጂስቲክሱ ሰው የነዳጅ ቦቴዎቹ በዚያች ሌሊት እንደማይደርሱ አስልቶ ያሳያል። የአየር ኃይሉ መኮንን ደግሞ አውሮፕላኖቹ በዚያ ሰዓት ሌላ ግዳጅ እንዳለባቸው ይናገራል። ዕቅዱ ይፈርስና እንደገና ይሠራል። አስተማሪው መልስ አይሰጥም፤ «ለምን?» እያለ ይሞግታል። ሻለቃው ሐሳቡ በጓደኞቹ ፊት ሲፈርስ መቻልን የሚለምደው እዚህ ነው።

የርቀት ትምህርትም ረጅም ታሪክ አለው። የአሜሪካ የባሕር ኃይል ጦርነት ኮሌጅ በደብዳቤ ማስተማር የጀመረው በ1914 ነው። ዛሬ ፖስታውን ኮምፒውተር ተክቶታል። የሌቨንዎርዝ የርቀት ተማሪ ቀኑን በሥራው ላይ ይውላል፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ያነባል፣ ፈተና ይወስዳል፣ ጽሑፍ ያስገባል። የትምህርቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ መሠረታዊ ነው፤ ሁለተኛው በዘመቻ ዕቅድ ላይ ያተኩራል። ሲቪል ሥራ ላላቸው የብሔራዊ ዘብና የተጠባባቂ ጦር መኮንኖች ብዙውን ጊዜ የሚመቸው ይህኛው መንገድ ነው። ሲጨርሱም ትምህርቱ ካንሳስ ከተማረው ባልደረባቸው እኩል ይቆጠርላቸዋል።

የርቀት ተማሪው የራሱ ጥቅም አለው። ማታ ያነበበውን ጠዋት ሥራው ላይ ይፈትነዋል፤ ቤተሰቡም ከቀዬው አይፈናቀልም። የሚያጣው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጊዜ ነው፤ ድካም ተጭኖት የሚያነብ ሰው ለማለፍ ያህል ብቻ ያነባል። ሁለተኛው ሰው ነው። ካንሳስ አብረው የተማሩ መኮንኖች ከዓመታት በኋላ ጦር ሜዳ ላይ ሲሰማሩ ስልክ አንስተው ይጠያየቃሉ። ብቻውን የተማረ ሰው ይህን ወዳጅነት አያገኝም።

ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው የጄኔራል አይዘንሃወር ታሪክ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ይሆናል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፓናማ ሲያገለግል አለቃው ጄኔራል ፎክስ ኮነር የጦርነት ፈላስፋውን የክላውዘቪትዝን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አስነብቦታል፤ ስለሚያነበውም አጥብቆ ይጠይቀው ነበር። ሌቨንዎርዝ ሲገባም ቀድሞት የተማረው ጆርጅ ፓተን ማስታወሻዎቹን ሰጠው። ማታ ማታ ግን የሚያጠናው ከወዳጁ ከሌናርድ ጌሮው ጋር ነበር። በ1926 ከ245 ተማሪዎች አንደኛ ወጣ። ፓናማ ውስጥ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ጠያቂ ግን ነበር። ሌቨንዎርዝም ክፍሉ ብቻ አልበቃውም፤ የጥናት ጓደኛ አስፈልጎታል።

ሁለቱን መንገዶች ያቀላቀለም አለ። ፔንሲልቫንያ ውስጥ ካርላይል የሚገኘው የምድር ጦሩ የጦርነት ኮሌጅ ከፍተኛ መኮንኖችን በርቀት ሲያስተምር ትምህርቱ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተማሪዎቹ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሁለት ሳምንት፣ ካርላይል ተገኝተው ፊት ለፊት ይከራከራሉ። ይህ አሠራር ማንበብ በርቀት እንደሚቻል፣ መከራከር ግን መገናኘትን እንደሚጠይቅ በግልጽ ያሳያል።

ስለዚህ ዕድሉን ያገኘ መኮንን በአካል ይማር፤ አሥር ወሩ ከሥራ የጎደለ ጊዜ ሳይሆን ለሚቀጥለው አገልግሎቱ ስንቅ ነው። ዕድሉን ያላገኘ ደግሞ ራሱን ዝቅ አድርጎ አይመልከት፤ ግን ብቻውን አያጥና። የሚሞግተው አንድ ባልደረባ፣ የሚጠይቀው አንድ ታላቅ መኮንን ይፈልግ። አዛዦችም የርቀት ተማሪ የሆነ መኮንናቸውን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነፃ ያድርጉት። በድካም የተነበበ መጽሐፍ ጉዳቱ የሚታየው በእነሱው ዕቅድ ላይ ነው።