ያውቁ ኖሯል? አቦል በጠፈር

በጁባው ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ከፍም ላይ ከሚንተከተከው ጀበና መጀመሪያ የሚቀዳው አቦል፣ ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያውያን ምርጫ፣ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ «ቡና» የተባለችውን ኮከብ ለምትዞር፣ ከጁፒተር ለምትከብድ ፕላኔትም መጠሪያ መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

ጀበናውን ፍም ከሥሩ ሲያፈላው፣ እንደ አቦል ባለ ግዙፍ ፕላኔት ዙሪያ በሞላላ ምሕዋር የምትመላለስን ጨረቃ ግን ኃይለ ስበት፣ ስትቀርብ እየለጠጠ ስትርቅም እየለቀቀ፣ እንደ ሊጥ አሽቶ ከውስጧ ያግላታል፤ የጁፒተር ጨረቃ አዮ በ1971 ዓ.ም. እሳተ ገሞራ ስትተፋ በቮዬጀር 1 መንኮራኩር የታየችው በዚሁ ምክንያት ነው። ግለቱ በልኩ ሲሆን ፀሐይ በራቀው በረዶ ሥር ውኃን ፈሳሽ አድርጎ ስለሚያቆይ፣ ማኅደረ ሕይወት ሊያበጅ ይችላል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት እንዲህ ያለችውን የሩቅ ጨረቃ በአብዛኛው የሚሹት፣ ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ የብርሃኑን መጉደል በመመርመር ነው።