በሬዲዮ የምትታዘዘው የጦር ካሚዮን

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ500 ሺህ በላይ የተመረተችውን የአሜሪካ ጂ.ኤም.ሲ. ወታደራዊ ካሚዮን 10 እጅ አሳንሶ፣ በሬዲዮ የምትታዘዝ ሞዴል አድርጎ ከባዶ መሥራት ትዕግሥትን የሚፈትን ሙያ ነው።

ርዝመት በ10 ሲካፈል ክብደት በ1000 ስለሚካፈል፣ ባዶዋን 5 ቶን ገደማ የምትመዝነው ካሚዮን 5 ኪሎ ያህል መሆን ይገባታል። የሞተሩ ፍጥነት በማርሽ ተቀንሶ ለሦስቱም አክስሎች ካልተዳረሰ፣ ሞዴሏ እንደ መጫወቻ ትፈተለካለች እንጂ የጫነ መኪና ግርማ አይኖራትም።

ሠሪው ብሎኑን ሁሉ ቈጥሮ ሲያበቃ፣ በመሪው ላይ የሚያስቀምጠውን ሾፌር ያለ ጥናት እንዳያልፈው እናሳስባለን። በ1944 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ ምድር «ሬድ ቦል ኤክስፕረስ» በተባለው መሥመር ነዳጅና ጥይት ሌት ተቀን ለግንባር ካደረሱት ሾፌሮች አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። የብረቱ ልክ ተጠብቆ የሰዎቹ ታሪክ ቢዘነጋ፣ ሥራው ጎዶሎ ነው።