የኳርኮች እስር እና የገመዱ ምስል ወሰን

ነጻ ኳርክ እስከ ዛሬ አልታየም። ማሪ ጌል-ማንና ጆርጅ ዝዋይግ እ.ኤ.አ. በ1964 የኳርክን ሐሳብ በየግላቸው ካቀረቡ ወዲህ በሙከራ የተገኙት ሃድሮኖች ናቸው፤ ከእነዚህም ፕሮቶን ሦስት ኳርኮችን፣ ፓዮን ደግሞ አንድ ኳርክና አንድ ፀረ ኳርክን ይይዛል። ይህ ባሕርይ የኳርኮች እስር ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እስሩን ለማስረዳት የተለመደው የገመድ ምስል እስከ የት እንደሚያገለግል ማሳየት ነው።

ለምስሉ የስሌት መሠረት የሰጠው ኬኔት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው የፍርግርግ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ቦታና ጊዜ በነጥቦች ፍርግርግ ይተካሉ፤ ኳርኮች በነጥቦቹ ላይ፣ የግሉዎን መስክ ነጥቦቹን በሚያያይዙ መስመሮች ላይ ይቀመጣል። ግሉዎኖች ራሳቸው የቀለም ሙል ስላላቸው መስካቸው በሁለት ከባድ ኳርኮች መካከል እንደ ቀጭን ገመድ ይሰበሰባል። እምቅ ጉልበቱም በ1 ፌምቶሜትር ወደ 1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያድጋል። ይህ ውጥረት ከ160 ኩንታል ጭነት ክብደት ጋር ይቀራረባል፤ ርቀቱ ቢጨምርም አይላላም።

ይሁን እንጂ ይህ ውጤት ያለ ገደብ የሚጸናው ቀላል ኳርኮች ከስሌቱ ሲወጡ ነው። ሲካተቱ፣ ርቀቱ ከ1 ፌምቶሜትር ጥቂት እንዳለፈ በገመዱ የተከማቸው ጉልበት አዲስ ኳርክና ፀረ ኳርክ ለመፍጠር ይበቃል። ገመዱ ይበጠሳል፤ ውጤቱም ሁለት ሜሶኖች ናቸው። እምቅ ጉልበቱም ማደጉን ያቆማል።

ስለሆነም በተፈጥሮ ላለው ዓለም የሚቀረን መለያ፣ ተነጥለው የሚታዩ ቅንጣቶች ሁሉ ጠቅላላ የቀለም ሙላቸው ዜሮ ነው የሚለው ነው። ይህም ቢሆን ጥያቄውን አይዘጋም። ፍራድኪንና ሼንከር እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት፣ በአንዳንድ የፍርግርግ ቲዮሪዎች የእስር ክልልና የሂግስ ክልል ያለ ድንበር ይያያዛሉ።

የፍርግርግ ስሌት በሃድሮን አወቃቀር ረገድ ያስገኘው ፍሬ ከፍተኛ ነው። የፕሮቶን መጠነ ቁስ 938 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን፣ የሦስቱ ኳርኮች ድምር ወደ 9 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ከታሰሩት ኳርኮችና ግሉዎኖች ጉልበት ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የፍርግርግ ስሌት የቀላል ሃድሮኖችን መጠነ ቁስ ከሙከራ ውጤት ጋር አጣጥሞ አስልቷል።

ስሌት ግን የሒሳብ ማረጋገጫን አይተካም፤ የክሌይ የሒሳብ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው የያንግና ሚልስ ጥያቄ እስካሁን አልተፈታም። በዚህ መስክ ጥናት የሚጀምር ተመራማሪ «እስር ተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ ሲያነብ ሁለት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጃል፦ ቀላል ኳርኮች ተካተዋል? ማረጋገጫውስ በስሌት ነው ወይስ በሒሳብ?