ከነልጅ ተቀጥሮ መሥራት፦ የሞግዚቶች እናትነት በአሠሪ ቤትና በሕግ ዓይን

ለሕፃናት እንክብካቤ የሚቀጠሩ ሴቶች ራሳቸው እናቶች ሲሆኑ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የእነርሱን ልጅ ማን ይጠብቅ? በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የሚታወቁት መልሶች ጥቂት ናቸው። ልጁ በገጠር ለአያት ወይም ለዘመድ ይተዋል፤ በአነስተኛ ክፍያ ለጎረቤት ይሰጣል፤ ታላቅ እኅቱ ትይዘዋለች፤ ወይም እናቱ ይዛው ወደ ሥራ ትገባለች። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የመጨረሻውን ነው። የሞግዚቷ ልጅ በአሠሪ ቤት መገኘት በተለምዶ እንደ አሠሪ ቸርነት ይታያል፤ በተግባር ግን ከሥራ ውሉ ክፍሎች አንዱ ነው። ሳይነገርና ሳይጻፍ ሲቀር ዋጋው ከእናቲቱ ደመወዝ፣ ከዕረፍቷና ከልጁ አስተዳደግ ላይ ይቀነሳል።

የችግሩ መነሻ

የሞግዚት ፍላጎት ከሕግ አደረጃጀት ጋር የተያያዘ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲመገብ ይመክራል። በሁለቱ መካከል የሦስት ወራት ያህል ክፍተት አለ። ከዚያም በኋላ ልጁ አፀደ ሕፃናት እስኪገባ ዓመታት ይቀራሉ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ ድንጋጌው ግን ከእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ውጭ የምትሠራውን እናት አያካትትም ነበር። ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላው በአብዛኛው ዘመድ ወይም ቅጥር ሞግዚት ነው።

ሞግዚት ስትቀጠር ክፍተቱ ከአሠሪዋ ቤት ወደ ሞግዚቷ ቤት ይሸጋገራል። አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አርሊ ሆክሽልድ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ሽግግር «ዓለም አቀፍ የእንክብካቤ ሰንሰለት» ሲሉ ሰይመውታል። የተሻለ ገቢ ያላት እናት ከሌላ አገር የመጣች ሴት ትቀጥራለች፤ የስደተኛዋን ልጆች በአገር ቤት ከእርሷ ያነሰ የሚከፈላት ሌላ ሴት ትይዛለች፤ የዚያችኛዋን ልጆች ደግሞ ታላቅ ልጇ ትጠብቃለች። ጽንሰ ሐሳቡ ለድንበር ተሻጋሪ ስደት የተቀረጸ ቢሆንም ከገጠር ወደ ከተማ የሚደረገውን ፍልሰትም ለመግለጽ ያገለግላል። ሞግዚቷ ልጇን ይዛ ስትገባ ግን ሰንሰለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይታጠፋል። ቀድሞ በርቀት ተሸፍኖ የነበረው የእንክብካቤ እጥረት በየዕለቱ በአሠሪዋም፣ በሠራተኛዋም፣ በሁለቱ ልጆችም ፊት ይታያል።

ከቸርነት ወደ ውል

በቅጥር ወቅት ደላላውም ሆነ አሠሪው ከሚያነሷቸው ጉዳዮች መካከል ዕድሜ፣ የሥራ ልምድ፣ የተያዥ መኖርና «ልጅ አለሽ ወይ?» የሚለው ይገኙበታል። የመጨረሻው ጥያቄ ተቃርኖ ያዘለ ነው። የወለደች ሴት ልጅ መያዝ ታውቃለች ተብላ ትመረጣለች፤ የራሷ ልጅ አብሯት የሚመጣ መሆኑ ሲታወቅ ግን ያው እናትነቷ እንደ ጉድለት ይቆጠርባታል። የእናትነት ችሎታዋ ሲፈለግ የእናትነት ግዴታዋ ከደጅ እንዲቀር ይጠበቃል።

የአሠሪዎች ስጋት ሁሉ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ሁለት ሕፃናት በአንድ ጊዜ ሲያለቅሱ ሞግዚቷ ቀድማ ማንን ታነሣለች? አንዱ ጉንፋን ሲይዘው ሌላው እንዴት ይጠበቃል? በጠባብ የኮንዶሚኒየም ቤት ተጨማሪ ሰው የት ይተኛል? የሞግዚቷ ልጅ ወድቆ ቢጎዳ የሕክምናው ወጪ የማን ነው? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ጥያቄዎቹ በቅጥሩ ዕለት ሳይመለሱ «እስቲ ይሞከር» ተብለው ሲታለፉ ነው።

እንዲህ ሲታለፉ ሦስት ውጤቶች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ደመወዝን ይመለከታል። የልጁ ምግብና መኝታ በአሠሪው ሐሳብ ይሰላል፤ ደመወዙ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል ወይም ጭማሪ ሳይነሣ ዓመታት ያልፋሉ። ምን ያህል እንደ ተቀነሰ የተነገረም የተጻፈም ስለሌለ ሠራተኛዋ ስሌቱን ልትሞግት አትችልም። ሁለተኛው ሥራን የመልቀቅ ነጻነትን ይመለከታል። በአሠሪ ቤት የምታድር ሞግዚት ሥራዋን ስትለቅ ከደመወዟ ጋር የሁለት ሰው መጠለያ ታጣለች። ስለሆነም ብቻዋን ብትሆን የማትታገሠውን የሥራ ሰዓት መርዘም፣ የክፍያ መዘግየት ወይም የስድብ ቃል ለልጇ ስትል ትታገሣለች። ሦስተኛው ውጤት በንግግር ውስጥ ይታያል። «ከነልጅሽ ተቀብለንሽ» የሚለው አነጋገር ግንኙነቱን ከሥራ ውል ወደ ውለታ ያሻግረዋል። ውለታ የሚመለሰው በምስጋና እንጂ በድርድር አይደለምና፣ መብቷን የጠየቀች ሠራተኛ ውለታ ቢስ ትባላለች።

ሁለት ልጆች በአንድ ቤት

ዝግጅቱ ጥቅም የለውም ማለት ስሕተት ይሆናል። ሞግዚቷ የምታጠባ ከሆነች ጡት ማጥባቷ አይቋረጥም። ልቧ ሌላ ቦታ ካለ ልጅ ጋር ስለማይሆን ሥራዋ ላይ ትረጋጋለች፤ በቤቱም ልትቆይ ትችላለች። የአሠሪው ልጅ እኩያ ያገኛል፤ ሁለቱ አብረው ይጫወታሉ፤ አብረው አፍ ይፈታሉ።

ይሁን እንጂ ልጆች ደረጃን ቶሎ ይማራሉ። የሞግዚቷ ልጅ እናቱ ሌላውን ቀድማ ስታነሣ፣ ቀድማ ስታጎርስ ያያል። የትኛው መጫወቻ የማን እንደሆነ፣ ሳሎን መግባት መቼ እንደሚፈቀድ፣ ሲያለቅስ ለምን ወዲያው ዝም ማሰኘት እንደሚያስፈልግ ማንም ሳያስረዳው ይረዳል። ዕድሜው ሲጨምር ደግሞ በቤቱ ያለው ቦታ ሊለወጥ ይችላል። በመጀመሪያ እንግዳ የነበረው ልጅ ከፍ ሲል ዕቃ አቀባይ፣ ሱቅ ተላላኪ፣ የታናናሾች ጠባቂ ይሆናል። ያለ ውልና ያለ ክፍያ ሁለተኛ ሠራተኛ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ወላጆቻቸውን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን ከሚጎዳ ሥራም የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከእናቱ ጋር አሠሪ ቤት የሚያድግ ልጅ የመጀመሪያውን መብት ሲያገኝ ሁለተኛውን እንዳያጣ ማረጋገጫ ያስፈልጋል።

ሕጉ የሚደርስበትና የማይደርስበት

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጎታል። የቤት ሠራተኛና ሞግዚት በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። አዋጁ የግል አገልግሎት የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ቢያመለክትም፣ የወሊድ ፈቃድን የሚያህል መብት በራሱ በአዋጁ ለሞግዚቷ አልተሰጠም። የአሠሪዋን 90 ቀናት ያስከበረው ሕግ እርሷ በወለደች ጊዜ አይደርስላትም። ሥራን በሚመለከት የሚቀራት በዋናነት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 2601 ሠራተኛው በአሠሪው ቤት የሚኖር ከሆነ አሠሪው መኝታን፣ ምግብን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓትን በሚመለከት የሠራተኛውን ጤናና ሞራል ለመጠበቅ ተገቢውን እንዲያደርግ ያስገድደዋል። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ሠራተኛው ብቻ ነው።

ከዚህ የሰፋ መሠረት የሚገኘው በዓለም አቀፍ ሕግ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸው ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 156 በሁሉም የኢኮኖሚ ዘርፎችና በሁሉም የሠራተኛ ዓይነቶች ላይ ተፈጻሚ እንደሚሆን በአንቀጽ 2 ይገልጻል። አንቀጽ 5 የሕፃናት እንክብካቤ አገልግሎት እንዲስፋፋ ይጠይቃል። አንቀጽ 8 ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊነት በራሱ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃዋለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ስለዚህ ሞግዚትን ከአዋጁ ያስወጣው ድንጋጌ ከስምምነቱ አያስወጣትም። ብዙዎቹ የስምምነቱ አንቀጾች ግዴታውን የሚጥሉት በመንግሥት ላይ እንደ አገሩ አቅም በመሆኑ ግን ዝርዝር ደንብ ከሌለ በአንድ ቤት ውስጥ ለሚነሣ ክርክር የሚሰጡት መፍትሔ ውሱን ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ የግል አገልግሎት ደንብ ሲዘጋጅ የሠራተኛዋ ልጅ ጉዳይ ራሱን የቻለ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል። ለዚህ ረጅም ሰነድ አያስፈልግም። ደመወዙ የልጁን ምግብና መኝታ ሳይቀላቅል ተለይቶ ይጻፍ፤ ልጁ የሚተኛበት ቦታ፣ ሲታመም ወጪውን የሚሸፍነውና እናቱን በሥራ የሚተካት ሰው ይወሰን፤ ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት እንዲገባና በቤቱ ሥራ እንዳይሰማራ ይደንገግ፤ ውሉ ሲቋረጥም ሁለቱ ሌላ መጠለያ የሚፈልጉበት የጊዜ ገደብ ይሰጥ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 የሥራ ሁኔታዎች በተቻለ መጠን በጽሑፍ እንዲሰፍሩና የእናትነት ጥበቃ ከሌሎች ሠራተኞች ያላነሰ እንዲሆን ስለሚጠይቅ ለደንቡ መነሻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ግዴታው ሲጻፍበት ልጅ ያላትን ሴት ከመቅጠር የሚሸሽ አሠሪ ይኖራል። ይህን የሚያቃልለው ሞግዚቷም በአቅሟ ልትጠቀምበት የምትችል፣ በየሰፈሩ የሚገኝ የሕፃናት ማቆያ ነው። እስካሁን ማቆያ የታሰበው በመሥሪያ ቤት ለምትሠራው እናት ነው። ያቺ እናት ሥራ የምትገባው ግን ቤቷ ውስጥ ሌላ እናት ስላለች ነው፤ ማቆያው ለሁለቱም ልጆች ካልተከፈተ እጥረቱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ መሸጋገሩን ይቀጥላል።