የመንገድ መደብና የትራፊክ መጠን፦ የስያሜና የትርጉም ጥያቄዎች

የመንገድ ምሕንድስና ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን በብዛት የሚያስቸግሩት ሁለት የቃላት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው መንገዶች በሚሰጡት አገልግሎት የሚመደቡባቸው ስሞች ናቸው፤ ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚመላለሰው ተሽከርካሪ የሚለካባቸው ስሞች ናቸው። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው፤ መንገዱ የሚነደፍበት ደረጃ የሚወሰነው በቆጠራ ከሚገኘው ቁጥር ነውና። ስለዚህ በአንዱ ስያሜ ላይ የሚደርሰው መፋለስ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ከወረቀትም ዐልፎ አንድ መንገድ አስፋልት ይሁን ወይስ ጠጠር የሚለውን ውሳኔ እስከ መለወጥ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ስያሜዎቹ የተሸከሙትን ጽንሰ ሐሳብ በቅድሚያ እናብራራለን፤ ከዚያም የትርጉም ምርጫችንን ከነምክንያቱ እናቀርባለን።

1. መንገድ፣ ጎዳና፣ አውራ ጎዳና

አማርኛ በዚህ ረገድ የቃል ችግር የለበትም። «መንገድ» የሁሉ ጠቅላላ ስም ነው። «ጎዳና» ሰፋ ያለውንና ብዙ ሰው የሚመላለስበትን ያመለክታል። ከግዕዝ የተወረሰው «ፍኖት» ዛሬ በብዛት የሚገኘው «ፍኖተ ካርታ» በመሳሰሉት ጥምረቶች ውስጥ ነው። መንገዱ በገጽታው ሲለይ ደግሞ የእግር መንገድ፣ ጥርጊያ፣ ኮረኮንች፣ ጠጠር መንገድ፣ አስፋልት ይባላል፤ «ፒስታ» የሚለውም ከጣሊያንኛ ገብቶ ተለምዷል። ሕዝቡ በመድረሻውም ይጠራዋል፦ የጅማ መንገድ፣ የደሴ መንገድ፣ የጎጃም መንገድ።

«አውራ ጎዳና» ግን በመሥሪያ ቤት ስም የጸና ጥምር ቃል ነው። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ስያሜውን በመላ አገሪቱ አሰራጭቶታል። አሠራሩም የቋንቋውን ጠባይ የተከተለ ነው፤ «አውራ ጣት»፣ «አውራ ዶሮ» እንደምንለው ሁሉ «አውራ» ዋናውንና ቀዳሚውን ይለያል። ቃሉ ሳይጨነቅ የኖረውም ስለዚህ ይመስለናል።

2. አምስቱ መደቦች

የመሐንዲሶች አመዳደብ የመንገዱን ገጽታም ሆነ መድረሻውን ብቻ አይመለከትም፤ መንገዱ ምንን ከምን ያገናኛል የሚለውን ይጠይቃል። በኢትዮጵያ መንገዶች በዚህ መሠረት በአምስት መደብ ተከፍለዋል። የመጀመሪያው አዲስ አበባን ከዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ማእከሎችና ከጠረፍ ጋር ያገናኛል። ሁለተኛው ዋና ዋና ከተሞችን ያያይዛል። ሦስተኛው የክፍለ ሀገር ደረጃ ያላቸውን ማእከሎች ያዳርሳል። አራተኛው በአካባቢ ደረጃ የሚታወቁትን ማእከሎች እርስ በርሳቸው ወይም ከበላይ መንገድ ጋር ያገናኛል። አምስተኛው ገበያን የመሳሰሉትን ትናንሽ ቦታዎች ከማናቸውም መንገድ ጋር ያጋጥማል።

ለእነዚህ በቅደም ተከተል አውራ መንገድ፣ አገናኝ መንገድ፣ ዋና መዳረሻ መንገድ፣ ሰብሳቢ መንገድ፣ መጋቢ መንገድ የሚሉትን እንመርጣለን። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ከዛፍ ግንድ በተወሰደ ምሳሌ የተሠራ ስም ነው፤ «ግንድ መንገድ» ብሎ መመለስ ግን መንገድ ላይ የወደቀ እንጨትን ከማስታወስ በቀር ለአማርኛ አንባቢ የሚነግረው የለም። «ሰብሳቢ» እና «መጋቢ» መለየት አለባቸው፤ መጋቢው ከገበያና ከመንደር የሚነሣውን ጉዞ ያቀብላል፣ ሰብሳቢው ከብዙ መጋቢዎች ተቀብሎ ወደ በላይ መንገድ ያደርሳል።

3. «መደብ» እና «ደረጃ»

ብዙ ተርጓሚዎች የአገልግሎት ክፍፍሉንም የንድፍ ክፍፍሉንም በአንድነት «ደረጃ» ይሏቸዋል። ይህ አደገኛ ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የጂኦሜትሪ ንድፍ መመሪያ ውስጥ የንድፍ ደረጃዎቹ ዐሥር ነበሩ፤ 1 የተባለው ብዙ ተሽከርካሪ ለሚሄድበት መንገድ ነበር፣ 10 የተባለው ደግሞ ለአነስተኛው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው መመሪያ ግን ደረጃዎቹ ስምንት ሆኑ፤ ቅደም ተከተሉም ተገለበጠ፤ 8 ከፍተኛው፣ 1 ዝቅተኛው ሆነ።

ልብ ማለት የሚገባው በአማርኛ «አንደኛ ደረጃ» ማለት በልማድ ምርጥ ማለት መሆኑን ነው። የ2013ቱን 1 «አንደኛ ደረጃ መንገድ» ብሎ የመለሰ ሰው በቀን ከ25 የማይበልጥ ተሽከርካሪ የሚያልፍበትን መንገድ የአገሪቱ ታላቅ ጎዳና አስመስሎታል። ስለዚህ የአገልግሎቱ ክፍፍል «መደብ»፣ የንድፉ «የንድፍ ደረጃ» እንዲባል፣ ቁጥሩም «የንድፍ ደረጃ 1» ተብሎ በአኃዝ ብቻ እንዲጻፍ፣ የመመሪያው ዓመተ ምሕረትም አብሮ እንዲጠቀስ እናሳስባለን።

4. «ትራፊክ» ማን ነው?

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ትራፊክ» ሰው ነው። «ትራፊክ ያዘኝ» ያለ ሾፌር ፖሊሱን ማለቱ ነው። «ዛሬ ትራፊክ በዝቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም ሊይዝ ይችላል። ቃሉን አስወግዶ በሌላ መተካት እንደማይቻል እናምናለን፤ እጅግ ተለምዷልና። በቴክኒክ ጽሑፍ ውስጥ ግን ሰውየው ሁልጊዜ «የትራፊክ ፖሊስ» ይባል፤ «ትራፊክ» ብቻውን የተሽከርካሪዎች ምልልስ ይሁን።

ምልልሱ ራሱ በሁለት ልክ ይገለጻል። «የትራፊክ መጠን» በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በአንድ ነጥብ የሚያልፉት ተሽከርካሪዎች ቁጥር ነው። «የትራፊክ ጥግግት» በአንድ ቅጽበት በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኙት ቁጥር ነው። በሰዓት የሚያልፈው መጠን የጥግግቱና የፍጥነቱ ብዜት ነው፤ በኪሎ ሜትር 20 ተሽከርካሪዎች ቢኖሩና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ፣ መጠኑ በሰዓት 800 ይሆናል። መንገዱ ፈጽሞ ሲጨናነቅ ጥግግቱ ከፍተኛ፣ መጠኑ ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ሁለቱንም «የትራፊክ ብዛት» ብሎ መመለስ ተቃራኒዎችን በአንድ ስም መጥራት ነው።

5. የዕለቱ አማካይ

የመንገድ ንድፍ መነሻ የሆነው ቁጥር የሚገኘው በዓመቱ ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ ያለፈው ትራፊክ ለ365 ሲካፈል ነው። በዓመት 109,500 ተሽከርካሪዎች ካለፉ ውጤቱ 300 ነው። ይህን «አማካይ ዓመታዊ ትራፊክ» ብለው የሚመልሱ አሉ፤ ይህ አባባል ግን 109,500ውን እንጂ 300ውን አያመለክትም። «አማካይ የቀን ትራፊክ» የሚለውም አያጠግብም፤ በአማርኛ «ቀን» ሃያ አራቱን ሰዓት ሊያመለክት ይችላል፣ የሌሊት ተቃራኒ የሆነውንም ብርሃን ብቻ ሊያመለክት ይችላል። የሌሊቱ የጭነት መኪና የተዘለለበት ቆጠራና ያልተዘለለበት ቆጠራ በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም። ስለዚህ ለሃያ አራቱ ሰዓት «ዕለት»፣ ለብርሃኑ ክፍል «ቀን» በማለት «ዓመታዊ አማካይ የዕለት ትራፊክ» የሚለውን እናቀርባለን። ከአጭር ጊዜ ቆጠራ ብቻ የተገኘው «አማካይ የዕለት ትራፊክ» ይባል።

«በሁለቱም አቅጣጫ» የሚለው ሐረግ ከትርጉም መውደቅ የለበትም። በ2002ቱ መመሪያ ከ100 እስከ 200 ያለው ትራፊክ የጠጠር፣ ከ200 እስከ 1,000 ያለው የአስፋልት መንገድ ወሰን ነበር። በአንድ አቅጣጫ 130፣ በሌላውም 130 ተሽከርካሪዎች የሚያልፉበት መንገድ ልኩ 260 ነውና አስፋልት ይገባዋል፤ የአንዱ አቅጣጫ 130 እንደ ጠቅላላ ቢወሰድ ጠጠር ሆኖ ይቀራል።

ቆጠራ በተለመደው አሠራር ሰባት ተከታታይ ዕለታት ይወስዳል። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ሙሉ 24 ሰዓት፣ የቀሩት 16 ሰዓት ይቆጠራሉ። የደመወዝ ሰሞን፣ የመከር ወቅትና በዓላት እንዲወገዱ ይመከራል። የሰባቱ ዕለታት ምክንያት በገበያ ቀን በግልጥ ይታያል። እንበል፣ በአንድ መንገድ ላይ ስድስቱን ዕለታት 150፣ በገበያው ዕለት 360 ተሽከርካሪዎች ዐለፉ። የሳምንቱ ድምር 1,260፣ አማካዩ 180 ነው። ገበያውን ብቻ የቆጠረ ሰው ልኩን እጥፍ አድርጎታል።

የሰዓት አቆጣጠርም ሌላ ወጥመድ ነው። የውጭው ጽሑፍ ቆጠራው ከ6 እስከ 22 ሰዓት ይሁን ቢል፣ በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ቁጥሩን እንዳለ የገለበጠ ተርጓሚ ቆጣሪዎቹን በእኩለ ቀን ሥራ አስጀምሯቸዋል።

ስለ መሣሪያውም አንድ ቃል እንጨምር። «መቁጠሪያ» ከጸሎት ጋር ስለ ተያያዘ ለዚህ አይመችም። «ቆጣሪ» በመብራትና በውሃ ስለ ተለመደ ለመሣሪያው ይሁን፤ ሰውየው «የቆጠራ ሠራተኛ» ይባል። በመንገድ ላይ የሚዘረጋው የአየር ቱቦ የሚመዘግበው አክስሎችን መሆኑም አይዘንጋ። ባለሦስት አክስል የጭነት መኪና በቱቦው ላይ ሦስት ጊዜ ይመዘገባልና የቱቦው ቁጥር እንዳለ «የተሽከርካሪ ቁጥር» ሊባል አይችልም።

6. ሁለቱ «አቻዎች»

ሳይክልና ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና እኩል ሊቆጠሩ አይችሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በሚይዘው የመንገድ ስፋትና በሚያስከትለው መዘግየት መጠን ወደ ቤት መኪና ይመነዘራል፤ ሳይክል ከ1 በታች፣ ከባድ የጭነት መኪና ከ1 በላይ ይሆናል። ይህን «የቤት መኪና አቻ» እንለዋለን። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ከተካሄደው የመንገድ ሙከራ ወዲህ የተለመደው ሌላው ምንዛሪ ግን የሚለካው በንጣፉ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነው፤ መነሻውም 80 ኪሎ ኒውተን የሚመዝን አክስል ነው። ይህ «የመደበኛ አክስል አቻ» ይባል። ጉዳቱ ከክብደቱ ጋር በቀጥታ አያድግም፤ በግምት በአራተኛው ርቢ ያድጋል። የአክስሉ ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ያህል ይደርሳል። «አቻ» የሚለው ቃል ያለ ቅጽል ከቀረበ አንባቢው የመንገዱን መጣበብ ከመንገዱ መሰባበር ሊለይ አይችልም።

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች አብዛኞቹ በአፍ የሚነገሩ ቃላት ናቸው። የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ አንድ ወሰን አበጅቶ በወሰኑ መጽናት ነው። ተርጓሚ መደብን ከደረጃ፣ ዕለትን ከቀን፣ መጠንን ከጥግግት፣ አንዱን አቻ ከሌላው ለይቶ ከጻፈ፣ መሐንዲሱ ቁጥሩን ያለ ጥርጥር ሊጠቀምበት ይችላል።